አንዴ ነው የሚረገጠው

«የፍሬኑ ፔዳል መች ላላ? የላላው የሷ እግር ነው» ሲል ሰማችው።

ሱዪን በጓሮ በር ገብታ ደረጃው ላይ ነበረች። በአንድ እጇ ለእናቷ የገዛችውን ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት፣ በሌላው በወረቀት የተጠቀለለ ጥብስ ሊጥ ይዛለች። ታላቅ ወንድሟ ኩንሻን ታች ጋራዡ ውስጥ ከጎረቤታቸው ከባትሪ ሻጩ ጋር ተቀምጦ፣ በትንንሾቹ ስኒዎች ሻይ ይቀዳል። ባትሪ ሻጩ ሳቀ። ኩንሻን ደግሞ ሰው ሲስቅለት የሚብስበት ሰው ነውና ቀጠለ። መኪና የሴት እግር አይወድም፣ ተራራ ላይማ ጭራሽ። ዘጠኝ ዓመት ዝም ያልኩት እህቴ ስለሆነች ነው። ዛሬ ማታ ለሟች አባቴ ማዕድ ሲቀርብ ቁልፉን ለልጄ ለቦዩ አስረክባለሁ፤ ከነገ ጀምሮ የጭነት መኪናዋን የሚነዳት እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሲል ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም። ሱዪን ወተቱ መዳፏን እያቃጠላት ቆማ ሰማች። እንጀራዋን ሊነጥቃት መሆኑን ለባትሪ ሻጭ ነግሮ ለሷ አልነገራትም። ደሟ ፈላ።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ መኪናዋ ለዓመታዊ ምርመራ የተጠራች ጊዜ ነው። በዚያ የታይቹንግ ሰፈር የጭነት መኪና ያለው ሁሉ ምርመራ ሲደርስ መኪናውን ያስወልቃታል፤ ጭነት እንድትችል ብሎ የደራረበባትን ባሌስትራ፣ ያን ከሥሯ እንደ ቅጠል የሚነባበረውን የብረት ሞላ፣ ፈቶ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራትን ሳሳ ያለ ባሌስትራ መልሶ ይገጥምላታል። ተመርምራ ስትመለስ ደግሞ ያለብሳታል። የፋብሪካው ባሌስትራ የየራስ መሆኑም ከቀረ ቆይቷል፤ አንድ ጥንድ ብቻ ከደጅ ደጅ እየዞረ መንደሩን በሙሉ ያስመረምራል። ባለመኪናው ያውቃል፣ መርማሪውም ያውቃል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። ዘንድሮ ግን ኩንሻን ሲያለብሳት ጨከነባት። የተራራው ጥቅል ጎመን ዋጋው ወጥቷል፣ በየጉዞው ትንሽ ብንጨምርባት ምን አለበት ብሎ ሁለት የባሌስትራ ቅጠል ደረበባት። የመኪናዋ ቂጥ በሦስት ጣት ከፍ አለ። ከፍ ሲል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው የፍሬን ቱቦ አጠረ፤ ረጅም ገዝቶ ቀየረው፣ ዘይት ሞላ፣ አየሩን አወጣሁ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፔዳሉ ይሰምጣል።

ደጋግማ ነግራዋለች። በነገረችው ቁጥር ጋቢና ገብቶ ሦስቴ ይረግጥና «ይኸው፣ ድንጋይ» ብሎ ይወርዳል። እውነት ነው፤ ሦስቴ ሲረግጡት ይጠነክራል። ከትናንት በስቲያ ግን ከሊሻን ተራራ ጎመን ጭና ስትወርድ፣ ፑሊ ከተማ ሊገባ ሲል ያለው የመጨረሻው ቁልቁለት ላይ፣ ፔዳሉ ገንፎ ውስጥ እንደገባ ማንኪያ እስከ ወለሉ ወረደ። ማርሽ ወደ ታች እየጣለች፣ የእጅ ፍሬን እየሳበች፣ በመጨረሻም የመኪናዋን ጎን ከተራራው ግድግዳ ጋር እያፋተገች አቆመቻት። ሽማግሌዎች የጫነ አውቶቡስ በዚያው ቅጽበት በአጠገቧ አለፈ፤ አንዲት አሮጊት በመስኮት እጇን አውለበለበችላት። ቤት ስትደርስ ኩንሻን መጀመሪያ ያየው የተሰበረውን መስታወት ነው። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዩዋን አለ። ቀጥሎ ገብቶ ሦስቴ ረገጠ። ድንጋይ። «እንቅልፍ ወስዶሻል» አላት፤ በዚያው አለቀ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ወተቱን ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ክፍሉ የእናቷ መኝታም፣ የቤቱ መመገቢያም፣ የሟች አባታቸው የስም ሰሌዳ የተቀመጠበት ቀይ መሠዊያም ያለበት ነው። ግድግዳው ላይ ካለፈው ዓመት ያልወረደ የዘመድ ሱቅ ቀን መቁጠሪያ፣ ጥግ ላይ ቤቱን ሁሉ የሚያንቀጠቅጥ አሮጌ ማቀዝቀዣ፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ከጎረቤት ግድግዳ በቀር የሚታይ ነገር የለም። እናቷ ሊጡን ቆርሳ ወተቱ ውስጥ ነከረች። ደረጃው ድምፅ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ታች የተባለ ሁሉ እዚህ ይሰማል፤ ስለዚህ እሷም ሰምታለች። ሱዪን አንድ ቃል ጠበቀች። እናቷ የሊጡ ዋጋ ጨመረ ወይ ብላ ጠየቀች። ሁለት ዩዋን ጨምሯል አለቻት። እናቷ «ወይ ጉድ» ብላ አኘከች። ሱዪን ከወንድሟ ንግግር ይልቅ የዚህች ሴት ዝምታ አንጀቷን አሳረራት፤ ትዳሯ ፈርሶ ከባሏ ቤት በአንድ ሻንጣ የተመለሰች ዕለትም እናቷ ዝም ብላ ሩዝ ነበር የቀዳችላት።

ስትወርድ ኩንሻን ያቺን ዟሪ ጥንድ ባሌስትራ ፒካፑ ላይ እየጫነ ነበር፤ ዳሊ ሰፈር ያለ ወዳጁ መኪና ነገ ትመረመራለችና ሊያስወልቅለት መሄዱ ነው። ጋሼ፣ ከመሄድህ በፊት አንዴ ብቻ ርገጠው፣ ሦስቴ ሳይሆን አንዴ አለችው። ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ዛሬ ዕረፊ አላት። ነገም ዕረፊ። እማዬ አርጅታለች፣ አጠገቧ ሰው ያስፈልጋታል፤ ስልክ ታነሻለሽ፣ ምሳ ታቀርቢያለሽ፣ ምን ጎደለሽ። ደግ የሆነ ይመስለዋል እኮ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከንጋት በፊት ተነስታ፣ በጭጋግ ተራራ ወጥታ፣ ለዚህ ቤት ሩዝ ያበሰለች ሴት «ስልክ ታነሻለሽ» ተባለች። ፒካፑ ከመንገዱ ሲታጠፍ ሱዪን የጋራዡን የብረት መዝጊያ እስከ ወገቧ አወረደችና የሥራ ቱታዋን ለበሰች።

መጀመሪያ የዘይቱን ዕቃ አየች፤ ሙሉ ነው። በባትሪ እያበራች አራቱንም ጎማ ከውስጥ በኩል ፈተሸች፣ የፈሰሰ የለም። ዋናው ፓምፕ ሥር ጣቷን አዞረች፣ ደረቅ። ጋቢና ገብታ አንዴ ረገጠች። ሲጥ ብሎ ሰመጠ። ያ ፔዳል ከድሮም ሲጥታ አለው፤ በተረገጠ ቁጥር አንድ ሲጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። እናቷ ጎህ ሳይቀድ ልጇ መውጣቷን የምታውቀው በሱ ነው። እንደገና ረገጠች፣ ትንሽ ከፍ አለ። ሦስተኛው ላይ ጠነከረ። ይህ የኩንሻን ድንጋይ ነው። እግሯን አንስታ ጥቂት ጠብቃ ስትመለስ ድንጋዩ እንደገና ገንፎ ሆነ። መስመሩ ውስጥ አየር አለ ማለት ነው፤ አየር ሲጨምቁት ይሸሻል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ጥያቄው የት ነው የሚለው ነው።

ጉጠቱን በጨርቅ ጠቀለለችና የቱቦዎቹን ጉሮሮ በየተራ ያዘች። የፊት ግራውን አንቃ ረገጠች፣ ሰመጠ። የፊት ቀኙን ጨመረች፣ ሰመጠ። ሁለቱንም ለቃ የኋላውን፣ ያን አዲሱን ረጅም ቱቦ አነቀችና ገብታ ረገጠች። እግሯ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ንቅንቅ የለም። እግሯን ሳታነሳ ተቀመጠች። የተራራው ቁልቁለት፣ ያቺ እጇን ያውለበለበች አሮጊት፣ የሻዩ ሳቅ ሁሉም ባንዴ መጣባት። ጥፋቱ ኋላ ነው፤ ኩንሻን በገዛ እጁ ከነካው ቦታ። ይወቅ አይወቅ ግድ አልነበራትም፤ እሷን ያስቆጣት አንዴ ጎንበስ ብሎ አለማየቱ ነው። ስልኳን አውጥታ ደወለችለት። ገና የኋላው ቱቦ ስትል አቋረጣት።

«ማን ንኪ አለሽ?»

አየር አለው ልትለው ስትል ኩንሻን ባትሪ ሻጩ አጠገቡ ያለ ይመስል ስቆ፣ አየርማ ያለው አንቺ ጭንቅላት ውስጥ ነው አለና ዘጋባት።

የመኪናዋን ቂጥ በክሪክ አነሳች። ሁለቱንም ታምቡሮ፣ የኋላ ፍሬኑን የሚከድኑትን ከበሮ መሳይ ብረቶች፣ ፈትታ የፍሬን ሸራዎቹን አየች፤ አላለቁም፣ ትንሽ ራቅ ብለው ስለነበር አቀረበቻቸው። አየር የሚወጣበትን የማስተንፈሻ ብሎን በትንሽ ፈትታ፣ ቀጭን ቱቦ አስገብታ፣ ጫፉን ግማሽ ድረስ ዘይት ባለበት የሻይ ጠርሙስ ውስጥ ነከረችና ጠበቀች። ዘይቱ በዝግታ፣ ጥርት ብሎ ወረደ። አንድ አረፋ እንኳ የለም። ዘጋች፣ ገጠመች፣ ገብታ ረገጠች። ሲጥ፣ ገንፎ። እንደገና አደረገችው፤ አሁንም ጥርት ያለ ዘይት፣ አሁንም ገንፎ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ከመንገዱ ማዶ ካለችው ጥብስ ሻጭ ዘጠና ዩዋን ከፍላ ያመጣችውን ሩዝ በአሳማ ጥብስ ከፍታ መኪናው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ መብላት ጀመረች። ጥብሱ ቀዝቅዟል፣ ንዴቷ ግን አልበረደም፤ እያኘከች ትሳደባለች፣ ማንን እንደምትሳደብ በቅጡ ሳታውቅ፣ ወንድሟን፣ ባሌስትራውን፣ ራሷንም።

ያኔ ነው ክንዱን ያየችው። የመኪናዋ አጽም፣ ሻሲው ላይ፣ ቡጢ የምታክል ብረት አለች፤ ከሷ አንድ ቀጭን ክንድ ወጥቶ የኋላውን ዘንግ ይነካል። መኪናዋ ስትጫን ትወርድና ክንዱ ወደ ላይ ይገፋል፤ ያኔ ያቺ ብረት ለኋላ ጎማዎች ዘይቱን እንደልብ ትለቃለች። ባዶ ስትሆን ክንዱ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ እሷም ዘይቱን ትገታለች። ሱዪን የምታውቀው አንዴ ድንጋይ ሰብሮት ሊሻን ላይ በዝናብ ራሷ ስለቀየረችው ነው። አሁን መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ጎማዎቹ በአየር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ክንዱም አብሮ ተንጠልጥሏል፤ ያቺ ብረት መንገዱን ዘግታ አየሩን ከኋላዋ ደብቃዋለች። ኩንሻን ሁልጊዜ አየር የሚያወጣው እንዲህ አንስቶ ነው፤ ከአባታቸው የተማረው እንደዚያ ነው፤ የአባታቸው መኪኖች ደግሞ ይህች ብረት አልነበረቻቸውም። የባሰው ሌላ ነው። ቂጧ ሦስት ጣት ከፍ ስላለ መሬት ላይ ሆናም ክንዱ እንደተንጠለጠለ ነው። መኪናዋ ጎመን እስከ አንገቷ ተሸክማ ቁልቁል ስትወርድ፣ ያቺ ብረት ባዶ ነሽ ትላታለች። ሱዪን የተረፈውን ሩዝ ዘጋችው። መብላት አልቻለችም።

ለአንድ ሥራ ግን ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ከሥር የሚፈታ አለ፣ ከላይ የሚረግጥ ይፈለጋል። ባትሪ ሻጩን ከመጥራት የመንገድ ድመት ብትረግጥላት ትመርጣለች። እዚያው መኪና ሥር እንደተጋደመች የእናቷን ነጠላ ጫማ አየች፤ ደረጃውን አንድ በአንድ እየወረደ መጣ። እናቷ በእጇ የአገሩ ሰው በየማሽኑ አናት የሚያኖረውን አረንጓዴ የበቆሎ መክሰስ ከረጢት ይዛለች፤ ማሽን እንዲታዘዝ ነው የሚቀመጠው። ጋቢና ውስጥ ያለው ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ጊዜው ያለፈበት ደግሞ ማሽን ያሳብዳል፣ ምናልባት የፍሬኑም ነገር ከዚያ ይሆናል አለች። ሱዪን ልትጮህባት አፏን ከፈተች። እናቷ አሮጌውን ከረጢት አንስታ አዲሱን አስቀመጠች፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ መሬት ላይ ደርድራ አኖረች፣ እጀታውን ይዛ ወደ ጋቢና ወጣችና ተቀመጠች። «ይኸው ወጥቻለሁ፤ መቼ ልርገጥ?» አለች።

ሱዪን ቀደም ብላ መኪናዋን ከክሪክ አውርዳ፣ ክንዱን ወደ ላይ ገፍታ በአሮጌ የከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ አስራዋለች፤ የቀረው መፈታት ብቻ ነው። መፍቻውን ይዛ ግን ቆመች። ይህን አየር ካወጣሁት ፔዳሉ ይጠነክራል። ኩንሻን ማታ መጥቶ ይረግጥና ምን አልኩ ይላል። ስሰማው የኖርኩት ስድብ በገዛ እጄ ይጸድቅለታል። አረፋውን በስልኬ ልቅረጸው ብላም አሰበች፤ መልሱ ገና ሳይነገር ተሰማት፤ አንቺ ራስሽ ያስገባሽው አየር ነው ይላታል። ካልነካሁትስ? ካልነካችው ነገ ጎህ ሳይቀድ ቦዩ ወደ ተራራ ይወጣል። ጀርባዋ ላይ ያሳደገችው ልጅ ነው። የሚወርደው ግን በአባቱ ድንጋይ ነው። ይህን ስታስብ ንዴቷ በእጥፍ ጨመረ፤ እውነቷን ለማስረዳት የሚቀራት ብቸኛው መንገድ ልጁን ገደል መስደድ ሊሆን ነው። መፍቻውን ብሎኑ ላይ ገጠመች።

«ርገጪ፣ እማዬ» አለች።

ሲጥ አለ። «ያዝኩ» አለች እናቷ፣ ሳይነግሯት። ሱዪን ፈታች። ቱቦው አንዴ ሳል አደረገውና ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ እንደ ሳሙና ውሃ ተግተለተለ። ዘጋች። ልቀቂ አለቻት፣ ለቀቀች፤ ርገጪ፣ ረገጠች፣ ያዝኩ። ልኩን ታውቀዋለች። ሳይዘጋ አትለቅም፣ አትቸኩልም፣ ወለሉ ድረስ ስትደርስ «ደረሰ» ትላለች። ሱዪን ከሥር ሆና ገረማትና እንዴት አወቅሽ አለቻት። እናቷ ከላይ ሆና፣ ፊቷ ሳይታይ፣ በዕድሜዋ ከተናገረችው ሁሉ የረዘመውን ተናገረች። ሠላሳ ዓመት የአባትሽ እግር የነበርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ሆዴ ውስጥ እያለሽም ረግጫለሁ፤ አየሩ አልወጣ ሲለው እግርሽ ላልቷል ይለኝ ነበር፤ ሰው ካለም ሰው ፊት ይለኝ ነበር፤ ኩንሻን ያንን ቃል ከዚህች ጋራዥ ነው የለቀመው፤ እኔም ያኔ ዝም አልኩ፣ ለሱም ዝም አልኩ አለች። ዘይቱ የሱዪን እጅ ላይ ይንጠባጠባል። ርገጪ አለች። እናቷ ረገጠች። በዚህኛው አረፋ አልወጣም።

«ጠነከረ» አለች እናቷ። ደግሞም ጨመረች፦ «ቅድም ግን ገንፎ ነበር። አውቄዋለሁ።»

ክንዱን እንደታሰረ መተው አይቻልም። ሱዪን ከቁርጥራጭ ብረት ሦስት ጣት የሚያህል ቁራጭ ቆርጣ፣ ሁለት ቀዳዳ በስታ፣ ክንዱ ዘንጉን የሚነካበት ቦታ ላይ ከፍ አድርጋ አሰረችው፤ እንግዲህ ስትጫን መጫኗን ታውቃለች። ከዚያ መዝጊያውን አንስታ መኪናዋን ይዛ ወጣች፣ በጓሮው ባዶ መንገድ ፈጥና አንዴ ብቻ ረገጠች። ጎማዎቹ ጮኹ፣ ግንባሯ መሪውን ሊመታ ደረሰ። የጥብስ ሻጯ ሴት ደንግጣ ሰደበቻት። በዚያ ቀን የጣፈጣት ነገር ቢኖር ያ ስድብ ነው።

ማታ ኩንሻን ቦዩን ይዞ መጣ። ቦዩ ከወታደር ቤት ከተመለሰ ገና ዓመቱ ነው፤ ሲያዩት ሆዱ የሚፈልገው ሌላ ሥራ ነው፣ አባቱ ግን ጠይቆት አያውቅም። ኩንሻን ቀጥታ ጋቢና ገብቶ እንደ ልማዱ ሦስቴ ረገጠ። ላይ ቤት ማዕድ እያቀረቡ የነበሩት እናትና ልጅ ሦስቱን ሲጥታ ሰሙ። ደረጃውን እየሳቀ ወጣ። ይኸው ድንጋይ፣ ምን አልኳችሁ አለ። ሱዪን በእርጋታ ልትነግረው ሞከረች፤ ክንዱን፣ ክሪኩን፣ ጠርሙሱን። ጠርሙሱንም አሳየችው፤ አረፋው ግን ጠፍቶ የቆሸሸ ዘይት ብቻ ቀርቷል። «አየር አለው ያልሽው አንቺ፣ አወጣሁ ያልሽው አንቺ» አላት፣ «እኔ እስከማውቀው ሁሌም ድንጋይ ነው።» ገምታው የነበረ ነገር ነው፣ ያም ሆኖ አቃጠላት። የኩንሻን ሚስት ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አንገቷን ደፋች።

ማዕዱ መሠዊያው ፊት ተደረደረ፤ የተቀቀለ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ብርቱካን፣ ሟቹ አባት ይወደው የነበረ የሩዝ አረቄ። ኩንሻን ቁልፉን ከስም ሰሌዳው ሥር አኖረና ሁለቱን የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው እንጨቶች አነሳ፤ አባትን የሚጠይቁት በነሱ ነው። አንዱ በጠፍጣፋው፣ አንዱ በጎባጣው ከወደቀ እሺ ነው። አባቴ፣ መኪናዋን ከነገ ጀምሮ የልጅ ልጅህ ይንዳት ወይ ብሎ ጣለ። ሁለቱም ጎባጣቸውን ወደ ላይ አድርገው ወደቁ፤ አይሆንም ነው። ኩንሻን በደንብ አልሰማኝም አለና እንደገና ጣለ። ሁለቱም ጠፍጣፋቸውን ወደ ላይ ገለበጡ፤ ይህ ደግሞ ሟቹ እየሳቀ ነው ይባላል። አንስቶ ለሦስተኛ ጊዜ ጣለ። አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ጎባጣ። «ይኸው፣ ተስማማ» ብሎ ዞረ።

ሱዪን ሳቀች። ደስ ብሏት አይደለም፤ ንዴት የሚያስቀው ሳቅ ነው።

«ጋሼ፣ ፍሬኑንም የፈተሽከው እንዲህ ነው። ድንጋይ እስኪል ድረስ ትረግጣለህ፣ እሺ እስኪሉህ ድረስ ትጥላለህ። ተራራው ላይ ግን ሦስቴ የለም። አንዴ ነው የሚረገጠው። ልጅህን በሦስተኛው ድንጋይ ነው የምትልከው?»

ቦዩ አባቱን አየ። ኩንሻን አፉን ሊከፍት ሲል እናትየው ጎንበስ ብላ እንጨቶቹን ከወለሉ ለቀመች። በልብሷ ጠረገቻቸው፣ ቦታቸው መለሰቻቸው።

«አባትህ በመጀመሪያው መልሶልሃል» አለችው። «ፔዳሉንም ዛሬ የረገጥኩት እኔ ነኝ። ገንፎ ነበር። የሷ እግር አልላላም፣ የኔም ያኔ አልላላም ነበር።»

ቁልፉን ከሰሌዳው ሥር አንስታ የሱዪን የሩዝ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው። ብዪ፣ በማለዳ ነው የምትወጪው አለቻት። ቦዩ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ልጁ ቀኑን ሙሉ ተራራውን ሲፈራ እንደዋለ ያኔ ነው የገባቸው። የኩንሻን ፊት ቀላ። እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ የምትደግፈው አጣ። ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ ደረጃውን ወረደ።

የጋቢናው በር ሲከፈት ተሰማ። ቆየ። ከዚያ ሲጥ አለ። ሁሉም ማንኪያቸውን ይዘው ሁለተኛውን ጠበቁ፤ ቦዩ ሳይታወቀው በጣቱ ጠረጴዛውን ነካ አድርጎ ጠበቀ። ሁለተኛው አልመጣም። እናቷ ለሱዪን ከዓሣው ሆድ ቆርሳ አኖረችላት። ሱዪን ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች። ለካ አንዴ መርገጥ ያውቅበታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያወቀ ነበር ሦስቴ ሲረግጥ የከረመው።